በድምፅ ብልጫ የጸደቀው አዮዲን

ያን ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ አዋሳ ውስጥ በስብሰባ የማይወሰን ነገር አልነበረም። የዘበኛው ካፖርት በስብሰባ፣ የአጥሩ ቀለም በስብሰባ ነበር። ሌላው ቀርቶ ከሐይቁ እየመጣ ግቢው ውስጥ የሚንጎራደደውና የተማሪ ምሳ የሚቀማው ያ ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ይባረር አይባረር የሚለው እንኳ በስብሰባ ታይቷል። "ይባረር" ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነበት፤ ውሳኔው ሳይደርሰው ቀርቶ መሰለኝ፣ በማግስቱም መጣ። ስለዚህ አዮዲንና አሴቶን ሲገናኙ ማን ማንን ቀድሞ እንደሚነካ እጅ በማውጣት ተወሰነ ብላችሁ አትገረሙብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታቢታ ማቴዎስ ከሐይቅ ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጠር፣ ምላሷ ፈጠን ያለ፣ ስትናደድ ነጭ ጋዋኗን እስከ አንገቷ የምትቆልፍ ልጅ ናት። ተማሪዎቿ ከሩቅ ቁልፎቿን አይተው ነው የቤት ሥራቸውን የሚያወጡት። እሷን ኬሚስትሪ ያስተማሯት እዚያው ትምህርት ቤት ጋሼ ሸዋንግዛው ናቸው። ዛሬ ባልደረባ ሆነው በአንድ የመምህራን ክፍል ቢቀመጡም፣ እሳቸው ሲገቡ አሁንም ብድግ ትላለች። "ተቀመጪ እንጂ፣ አድገሻል እኮ!" ይሏታል። ባትነሣ ግን ቅር የሚላቸው ይመስለኛል።

ታቢታ በዚህ ዓለም የምትሳሳለት ነገር ቢኖር ቤተ ሙከራው ነበር። ቤተ ሙከራ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በግቢው ጥግ ያለች፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎችና አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያላት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ስትረከባት የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ነበረች። ከተማሪዎቿ ጋር ጠርጋ፣ አቧራ የበላቸውን ጠርሙሶች አጥባ፣ የባትሪ አሲድ ከጋራዥ ለምና፣ ሰው የሚገባባት ክፍል ያደረገቻት እሷ ናት።

ይህችን ክፍል ነው እንግዲህ አምሳሉ የተመኛት። አምሳሉ የአማርኛ መምህርና የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ነው፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ከበሮ ሲመታ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። የላብ አደሮች ቀን ደርሷል፤ ቡድኑ ዋርካው ሥር ይለማመዳል፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ ልምምዱን ጠብቆ የሚወርድ ይመስላል። ከበሮ ከረጠበ ምኑን ከበሮ ሆነ?

"ታቢታዬ፣" አላት አንድ ቀን በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ "ኬሚስትሪ በጠመኔ ይማሩታል። ከበሮ ግን በጠመኔ አይመታም።"

"ውጣልኝ!"

እየሳቀ ወጣ። ወጥቶ ግን ዝም አላለም፤ ጥያቄውን ለዳይሬክተሩ ለጓድ ኩማ አቀረበ። ጓድ ኩማም ደስ እያላቸው አጀንዳ አስያዙት።

በዚያ ስብሰባ ከክፍሏ ጉዳይ የሚቀድም ሌላ አጀንዳ ነበር። ጋሼ ሸዋንግዛው ለአውራጃው የትምህርት ኤግዚቢሽን ትልቅ ሥዕል አዘጋጅተዋል። አዮዲንና አሴቶን ከጥቂት አሲድ ጋር ሲቀላቀሉ፣ ቡናማው የአዮዲን ቀለም ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ሥዕሉ ይህ እንዴት እንደሚሆን ያሳያል። በእሳቸው አካሄድ አዮዲኑ ቀጥ ብሎ ሄዶ አሴቶኑን ይይዘዋል፣ አለቀ። አሲዱ ዳር ቆሞ ያያል። ታቢታ ሥዕሉን ስታይ መጀመሪያ ጋዋኗን ቆለፈች፣ ከዚያ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ እንዲህ አይመስለኝም። መጀመሪያ አሲዱ አዮዲኑን የሚያዘጋጀው ይመስለኛል። አዮዲኑ ወደ አሴቶኑ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።"

ጋሼ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ታቢታ፣ ይህንኑ ሥዕል እኮ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሽ አስተምሬሻለሁ።"

"አዎ ጋሼ። ያኔም አልገባኝም ነበር።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አምሳሉ ደግሞ ጨዋታ ሲሞቅ ዳር መቆም አይሆንለትም። "እኔም ሐሳብ አለኝ!" አለ ብድግ ብሎ። "አዮዲኑን ምን አስቸኮላችሁት? ምናልባት ሥራው ያለው አሴቶኑ ዘንድ ይሆናል። አሲዱ አሴቶኑን አልብሶ እስኪያወጣው አዮዲኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልክ እንደ ተወዛዋዦቼ! ሴቶቹ ለብሰው እስኪወጡ ወንዶቹ ይቆማሉ። መቶ ወንድ ቢቆም ቀሚሱ ቶሎ አይለበስም።"

ይህም አሳቀ። ጓድ ኩማ ግን አልሳቁም። በስብሰባ የተነገረ ሁሉ ለእሳቸው ሐሳብ ነው። "ሦስት ሐሳቦች ቀርበዋል፤ ወደ ድምፅ እንሂድ" አሉ። ለጋሼ ሸዋንግዛው ቤቱ ከሞላ ጎደል እጁን አወጣ፤ ሽበት ይከበራላ! ለታቢታ አራት እጅ ወጣ፣ ያም ከአዲሶቹ መምህራን። ለአምሳሉ የወጣው የራሱ የአምሳሉ እጅ ብቻ ነበር።

"እንግዲህ አዮዲኑ በቀጥታ እንዲሄድ በድምፅ ብልጫ ጸድቋል" አሉ ጓድ ኩማ። "አያችሁ ጓዶች? አንድ ጠርሙስ ሳንከፍት ተስማማን። ስለዚህ ቤተ ሙከራው ለኪነት ቡድኑ ይሰጥ የሚለውን ጥያቄ ስናይ..."

ታቢታ አላስጨረሰቻቸውም። ተነሥታ ስትናገር ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

"ጓድ ኩማ፣ ጠመኔ እምቢ አይልም እኮ! ሰሌዳ የጻፉበትን ሁሉ ይሸከማል፤ የጋሼንም፣ የእኔንም፣ የዚህንም ከበሮ መቺ። ሦስቱም ሰሌዳ ላይ ያምራሉ። እምቢ ማለት የሚችለው ዕቃው ራሱ ነው። አንድ ሳምንት ይስጡኝ። እዚያችው ክፍል ውስጥ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ትክክል ያልሆነውን አካሄድ ዕቃው ራሱ ይጥለዋል። ይህን ካላሳየኋችሁ ክፍሏን ጠርጌ ለከበሮው አስረክባለሁ።"

"ራሷ ናት ያለችው! ሰምታችኋል!" አለ አምሳሉ እጁን እያፋተገ። አንዱ ሳምንትም ተሰጣት፤ በድምፅ ብልጫ፣ በምን ይሆናል ብላችሁ።

መቼም ታቢታ ምላሷ ቢፈጥንም አፏ ያመጣውን አትናገርም፤ ዘዴ ነበራት። አንድ ነገር በዝግታ ሲሠራ ካያችሁ፣ ማን ማን እየሠራው እንደሆነ በፍጥነቱ ታውቃላችሁ። እጁ ያለበትን ስታበዙት ሥራው ይፈጥናል። እጁ የሌለበትን ብታበዙት ሥራው ዞር ብሎም አያየው። ስለዚህ ሦስት ብርጭቆ አሰለፈች። አንደኛው እንደ ወትሮው ልክ ነው። በሁለተኛው አሲዱን እጥፍ አደረገች። በሦስተኛው አዮዲኑን እጥፍ አደረገች። ሌላው ሁሉ እኩል ነው፤ ከስፖርት መምህሩ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ተዋሰች፤ አሴቶንና አዮዲን ሲዋሐዱ የሚወጣው ነገር ዓይን ስለሚያቃጥል መስኮቶቹን በሙሉ ከፈተች።

ሁለተኛው ብርጭቆ በአንደኛው ግማሽ ጊዜ ነጣ። ታቢታ ከመሬት ዘለለች። አሲዱ እጁ አለበት! ዳር ቆሞ የሚያይ አይደለም፤ የጋሼ ሥዕል ወደቀ፤ የእሷ አካሄድ ግን አሲዱን ሥራ ይሰጠዋልና ቀጥ ብሎ ቆሟል። "እሰይ! እሰይ!" እያለች በጠረጴዛዎቹ መካከል ዞረች።

ቀጥሎ ሦስተኛው ነበር። የእሷ ሐሳብ ትክክል ከሆነ፣ አዮዲኑ እጥፍ ሲሆን ሥራውም በእጥፍ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቀለሙ ቢበዛም ከአንደኛው ብርጭቆ ብዙም አይዘገይም። አንደኛው የነጣበት ጊዜ ደረሰ፣ ሦስተኛው ቡናማ ነው። ጊዜው አለፈ፣ አሁንም ቡናማ ነው። የነጣው ልክ እጥፍ ጊዜ ከወሰደ በኋላ ነበር። ብርጭቆውን አጥባ ደገመችው፣ ያው ሆነ። ውሃው ይሆን ብላ ውሃ ቀይራ ሠለሰችው፣ ያው ነው። አዮዲኑ በዛም አነሰ፣ ሥራው የሚሄደው በዚያው በገዛ ፍጥነቱ ነው። አዮዲኑ በዝግታው ሥራ ውስጥ ጭራሽ እጁ የለበትም!

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። የጋሼን ልትጥል የቀዳችው ብርጭቆ የእሷንም ጣለው። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ማን ቀረ ብላ አሰበች፤ ስታስበው ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ አለቀሰች። የቀረው አምሳሉ ነበር። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አዮዲን፣ ልብስ እስኪለብስ የሚያስጠብቀው አሴቶን! ቀልዶ እኮ ነው የተናገረው!

ፍርሃቱ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። ስብሰባው ፊት ቆማ "ጋሼም ተሳስተዋል፣ እኔም ተሳስቻለሁ፣ ትክክሉን የተናገረው ከበሮ መቺው ነው" ብትል ጓድ ኩማ ምን ይላሉ? "ኬሚስቷ ራሷ ካላወቀች ክፍሏ ምን ታደርግላታለች?" ነው የሚሉት። ክፍሏ ሄደች ማለት ነው። ግን እስቲ ሦስተኛውን ብርጭቆ ማን ጠየቃት? ሁለቱን ብቻ ብታሳይ የጋሼ ሥዕል ይወድቃል፣ የእሷ ይቆማል፣ ጭብጨባ ነው፣ ክፍሏም ትተርፋለች። ታጥቦ የተደፋውን ሦስተኛ ብርጭቆ ማንም አይጠይቅም። አሰበችው፤ አሰበችውና አፈረች፤ አፍራም ደግማ አሰበችው።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ታቦር ኮረብታ ወጣች፣ ወደ ጋሼ ሸዋንግዛው ቤት። ያስተማረን ሰው በአደባባይ ከመጣል በፊት ደጁ ሄዶ መንገር ወግ ነው፤ ያን አላጣችውም። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የተማሪ ፈተና ያርማሉ። የሆነውን ሁሉ አንድ ባንድ ነገረቻቸው፤ የእሳቸውን ውድቀትም፣ የራሷንም።

ጋሼ እርማታቸውን አቆሙ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል፤ ሥዕሉን ሲያስተምሩት ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። በኋላ የቀይ እስክሪብቷቸውን ክዳን ገጠሙና፣

"ስሚ" አሏት። "እኔ ጡረታዬ ደርሷል። የእኔ ሥዕል ቢወድቅ ሰማይ አይደፋም። ሁለቱን ብርጭቆ አሳዪ። ሦስተኛውን ተዪው። እኔ ልሸነፍልሽ፣ ክፍሏ ትትረፍ።"

ታቢታ ይህን አልጠበቀችም። እንዴት ይወዱኛል ብላ ተገረመች፤ እንዴትስ እወዳቸዋለሁ ብላ ደግሞ ተገረመች።

"አይሆንም ጋሼ።"

"ለምን? ክፍሏን አትወጃትም?"

"ስለምወዳት ነዋ! የፈለግነውን ብቻ እንድትናገር ካደረግናት እሷም ስብሰባ ሆነች። እንደዚያ ከምትሆን ከበሮው ይግባባት፤ እሱ እንኳ ያስጨፍራል።"

ጋሼ ሸዋንግዛው ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ሙሉጌጥ!" ብለው ባለቤታቸውን ተጣሩ፣ "ዓሣው ካለ አምጪልን፣ ሁለት የወደቁ ኬሚስቶች ርቧቸዋል!" እየበሉም ተስማሙ፤ የእሳቸውን ብርጭቆ እሳቸው፣ የእሷን እሷ ሊያቀርቡ።

ስብሰባው ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ተደረገ። መምህራኑ በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ተጠጋግተው ቆሙ። አምሳሉ ከበሮውን የት እንደሚያስቀምጥ በዓይኑ ጥግ ጥጉን ይለካል። መጀመሪያ የተነሡት ጋሼ ሸዋንግዛው ናቸው።

"ጓዶች፣ ግለሂስ አለኝ።"

ግለሂስ ማለት የራስን ጥፋት በስብሰባ ፊት መናዘዝ ነው። ያን ጊዜ ይህ ቃል ሲነሣ ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ነው የሚያየው። ጋሼ ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው አንደኛውንና ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀላቀሉ። እጥፍ አሲድ ያለበት በግማሽ ጊዜ ነጣ። "ይህን አሲድ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ዳር አቁሜው ኖሬያለሁ" አሉ። "ለካ ዋናው ሠራተኛ እሱ ነው። ተማሪዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አሲዱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።" መጀመሪያ አንድ ሰው ፈራ ተባ እያለ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እንደዚያ ያለ የግለሂስ ሳቅ በዚያ ትምህርት ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

"ስለዚህ የጓድ ታቢታ ሐሳብ ትክክል ነው" አሉ ጓድ ኩማ ሊዘጉት።

"ይቆዩኝ ጓድ ኩማ። እኔም ግለሂስ አለኝ።" ታቢታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። አንደኛውን እንደ አዲስ፣ ከጎኑ ሦስተኛውን ቀላቀለች። አንደኛው ነጣ፤ ሦስተኛው ቡናማ። ጠበቁ። ጓድ ኩማ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸው ብርጭቆውን ሊነካ ደረሰ። በስተመጨረሻ፣ በእጥፍ ጊዜ፣ ነጣ።

"ምን ማለት ነው ይህ? ለእኔ በሚገባኝ አስረጂኝ።"

"የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ ያለውን ሰልፍ ያውቁታል" አለች ታቢታ። "ስኳሩን የሚሰፍረው ሰው ፈጣን ነው። ዝግተኛው መታወቂያ የሚያየው ነው። ሰልፈኛው እጥፍ ቢሆን መታወቂያ አዪው ይፈጥናል?"

"የት አባቱ!" አሉ ጓድ ኩማ ከልባቸው፤ ትናንት ተሰልፈው ነበር።

"አዮዲኑ ሰልፈኛው ነው። ብናበዛው ሥራው አይፈጥንም፣ ሰልፉ ነው የሚረዝመው። እኔ ደግሞ አዮዲኑን ዋና ሠራተኛ አድርጌው ነበር። ስለዚህ የእኔም ወድቋል።"

ጓድ ኩማ ቀና ብለው አዩዋት። "ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ብታቆሚ እኮ አሸንፈሽ ነበር። እኔማ ልዘጋው ነበር።"

"አዎ።"

"ታዲያ ይህን ለምን አመጣሽው?"

"ክፍሏ የነገረችኝ እሱን ነዋ! ለእኔ ብላ ብታደላልኝ ኖሮ ምን ትጠቅመናለች?"

ያን ጊዜ ነው አምሳሉ ከጥጉ የባነነው። "ቆዩማ!" አለ። "የጋሼ ወደቀ። የታቢታ ወደቀ። የቀረው... የኔ ነው?" ትከሻውን መስበቅ ጀመረ። "የኔ ነው! ትክክል እኔ ነኝ!"

"ትክክል ነኝ አትበል" አለችው ታቢታ። "እስካሁን አልወደቅኩም በል። አሴቶኑን እጥፍ አድርገን ሥራው ካልፈጠነ አንተም ትወድቃለህ።"

የአምሳሉ ትከሻ ባለበት ቆመ። "አምጪው!" አለ። ሰዓቱን ራሱ ያዘ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ለከበሮ እንኳ እንደዚያ አልቦት አያውቅም። ብርጭቆው በግማሽ ጊዜ ሲነጣ የጮኸው ጩኸት ውጪ የነበሩትን ተማሪዎች መስኮት ላይ ሰበሰባቸው።

ጭብጨባው ሲበርድ ጓድ ኩማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ የክፍሉ ጉዳይ..."

"ጥያቄዬን ትቻለሁ ጓድ ኩማ" አለ አምሳሉ። "እናንተ ዘንድ አንድ እጅ ነው ያገኘሁት፣ እሱም የራሴ ነው። እውነት ለመናገር እኔም ቀልዴን ነበር፣ አላመንኩበትም። ይቺ ክፍል ግን ማን እንደተናገረው ሳትጠይቅ አመነችልኝ። ዛሬ ከቀማኋት ነገ ደግሞ ትክክል ብሆን ማን ያውቅልኛል? ከበሮውን የመምህራን ክፍል ውስጥ እንመታዋለን።"

"የመምህራን ክፍል ውስጥ?" አሉ ሦስት አራት ሰዎች በድንጋጤ።

ጓድ ኩማ ልማዳቸው ነውና ቀጥ ብለው ቆሙ። "ክፍሉ ቤተ ሙከራ ሆኖ ይቀጥል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

መጀመሪያ የወጣው የአምሳሉ እጅ ነው። ተከትሎ የቤቱ እጅ ሁሉ ወጣ። ጋሼ ሸዋንግዛው እጃቸውን እንዳወጡ ወደ ታቢታ ዘንበል አሉና፣ "ይኼ እንኳ በእጅ የሚወሰን ነገር ነው" አሏት በሹክሹክታ።

ታቢታ ደስታው አላስችል አላት። ተሳስታለች፣ በሰው ፊት ወድቃለች፣ እንደዚያን ቀን ግን ደስ ብሏት አያውቅም። ሁለቱንም እጆቿን አንድ ላይ አወጣች።

"ጓድ ታቢታ፣" አሉ ጓድ ኩማ እየቆጠሩ፣ "አንዱን አውርጂ።"